የሽሽት ቦርሳ

"አባዬ፣ ተኩሰህባት ታውቃለህ ግን?" አለች ሕሊና፣ በሶውን ቦርሳዋ ውስጥ እየጠቀጠቀች።

ስለሺ ከሣር ክዳኑ ያወረዳትን አሮጌ ውጅግራ ጠመንጃ ጭኑ ላይ አጋድሞ በኑግ ዘይት ይወለውላል። ውጅግራዋ የአባቱ ናት፤ ከወሎ ለሰፈራ ሲመጡ ፍራሽ ውስጥ ተጠቅልላ ነው አሶሳ የገባችው። በቁመት ሕሊናን ልትበልጥ ምንም አልቀራት። ጥይቷ አንዲት ናት፣ እሷም ዝጋለች። ግን ስታምር፣ በቃ ስታምር።

ይህን ሁሉ ያመጣው የጠዋቱ የገበያ ወሬ ነው። ክልሉ ገና አዲስ የተቋቋመ ነው፣ የአገሩ ነባሮች በርታዎቹ ተነስተው ሰፋሪውን ሊያስወጡ ነው ተባለ። ማን እንዳወራው የሚያውቅ የለም። ስለሺ ግን እርሻውን ጥሎ መጣ። ሕሊና ደግሞ ልቧ የሚዘለው በፍርሃት ይሁን በደስታ አልለየላትም፤ የትምህርት ቤት ሽርሽር ነው የመሰላት። ክብሪት፣ ጨው፣ የእጅ ባትሪ፣ የትንሹ ወንድሟ ሹራብ፣ ያቺ ቀይ ሪባኗም ሳትቀር ገባች። ሪባን ለሽሽት ምን እንደሚሠራ አትጠይቋት።

"ውሃስ?" አለች እናቷ በቀለች።

"ጄሪካኑ ይከብዳል እማዬ። እዛ ስንደርስ እንጠጣለን።"

"እዛ የት?"

ሕሊና ይሄን አላሰበችበትም። "አባዬ፣ ወዴት ነው የምንሸሸው?"

ስለሺ ቀና እንኳን ሳይል፣ "ሱለይማን ጋ ነዋ፤ ሌላ ማን አለን" አለ።

ከዚያ እጁ ቀጥ አለ። ሱለይማን ከአጥሩ ወዲያ ያለው ጎረቤታቸው ነው። በርታ ነው። ሕሊናን ወባ የጣላት ጊዜ አዝሏት ክሊኒክ ድረስ የሮጠው እሱ ነው፤ ሕሊናና ልጁ ኑራ ያላወሩት ወሬ የለም።

"ታዲያ ውጅግራዋ ማንን ልትመታ ነው?" አለች በቀለች፣ ቀስ ብላ።

ስለሺ ተነሳና ውጅግራዋን ሣር ክዳኑ ውስጥ መልሶ ሸጎጣት። ቆንጨራውን ይዞ ወጣ። ሕሊናም ቦርሳዋን እንዳዘለች ተከተለችው። በሱለይማን በኩል ያለውን የቀርከሃ አጥር ይቆርጥ ጀመር። በመንገዱ ዞሮ መሄድ ለልጆች ይርቃል አላት።

ሱለይማን ድምፁን ሰምቶ ከወዲያ ብቅ አለ። "ስለሺ፣ ወላሂ፣ አጥር ምን አደረገህ?"

"በር ላወጣለት ነው።"

ሱለይማን ቆንጨራውን አየ። ሕሊና ጀርባ ላይ ያለውን ቦርሳ አየ። ለካ ወሬው እሱም ጋ ደርሷል።

"ሰፋ አድርግ" አለ፣ ቀርከሃውን ከራሱ በኩል ይዞ እየነቀለ። "እኔም ወደ አንተ የሚሸሹ ልጆች አሉኝ።"