ከስምንቱ አንዱ

ሥራዋ ኮምፒውተሮች የሚለዋወጡትን መልእክት መቅረጽ ነው። የደም ባንኩና ሆስፒታሎቹ ኤክስኤምኤል በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ሲጻጻፉ፣ በእያንዳንዱ ቦታ ምን እንደሚገባና ምን እንደማይገባ ትወስናለች፤ በቀን ቦታ ቀን፣ በቁጥር ቦታ ቁጥር። እንዲህ ያለውን ደንብ በሙያው “ቀላል ዓይነት” ይሉታል፤ ቀላልነቱ ግን ለስሙ ነው።

የደም ዓይነት ላይ ስትደርስ፣ ሠራተኛው ሁሉ “ጥድፊያ” ከሚለው አለቃዋ ጋር ተፋጠጠች።

“ዝም ብለሽ ጽሑፍ በዪው፤ የፈለጉትን ይጻፉበት” አላት።

“የፈለጉትን ከጻፉማ አለቀልን። የደም ዓይነቶቹ ስምንት ናቸው፤ ከስምንቱ አንዱ ካልሆነ አይገባም። ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ ያላለም ይመለሳል።”

“አንቺ ደግሞ ነገር ማክረር ትወጃለሽ!”

“ደም እኮ ነው!”

እያጉረመረመ ተስማማ።

ሥራው በተጀመረ ሰሞን፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ ከሆስፒታል የመጣ አስቸኳይ የደም ጥያቄ ሳያልፍ ተመለሰ። ልትወልድ የገባች ሴት ደም እየፈሰሳት ነበር። ጥድፊያ እያለከለከ መጣ።

“ሰው ሊሞት ነው፣ ክፈቺውና ይለፍ!”

“ምን ብሎ ይለፍ? ‘ኤ’ ብቻ ነው የሚለው።”

ስልኩን አንስታ የሆስፒታሉን ላብራቶሪ ባለሙያ አገኘቻት።

“እህቴ፣ ኤ ምን? ፖዘቲቭ ነው ኔጋቲቭ?”

“ፖዘቲቭ ይመስለኛል…”

“‘ይመስለኛል’ የሚገባበት ቦታ የለኝም። በሞቴ፣ ውጤቱን እዪልኝ።”

ባለሙያዋ ስትሮጥ ተሰማት። ስትመለስ ድምፅዋ ተለውጧል።

“ኔጋቲቭ! ወይኔ ጉዴ፣ ኔጋቲቭ ነው!”

ተስተካክሎ የተላከው መልእክት ወዲያው አለፈ፤ ደሙም በመኪና ተጭኖ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ባለሙያዋ ደወለች። እናትም ሕፃንም ደህና ናቸው። ጥድፊያ በቢሮው መሃል ቆሞ፣ “ይቺ ልጅ ያኔ እሺ ብላኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የማይስማማትን ደም ልከንላት ምን ይውጠን ነበር?” አለ። ጭብጨባው ሲቀልጥ ፊቷ ቢቀላም አንገቷን አልደፋችም።

ማታ ለእናቷ አንድ በአንድ ነገረቻት። እናቷ ሰምታ ሳትጨርስ ለእህቷ ደወለች።

“የልጄን ጉድ ሰማሽ? ሴትዮዋን ከነልጇ አተረፈቻት!”

“እንዴ፣ ዶክተር ሆነች እንዴ?” አለች አክስቷ።

“ዶክተሩ የሚጠብቀው እሷን ነው!”

“እማዬ፣ እንደሱ እኮ አይደለም…” ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። ሶፋው ላይ ተደላድላ ተቀመጠችና እናቷ ለሌላኛዋ አክስት ስትደውል ማዳመጥ ጀመረች።