የሁለት ቀን ወንፈል

በዘጠናዎቹ ዓመታት ማብቂያ ግድም፣ ይርሳው በኅዳር ሚካኤል ማግስት ማጭዱን ስሎ ወደ ባልንጀራው ወደ ንብረት ማሳ ወረደ። የራሱ ጤፍ ደርሶ ቆሟል፤ ሰማዩ አላማረውም፤ ሚስቱ ተናኜም ታማ ተኝታለች። ብቻውን የሚወጣው አጨዳ አልነበረም። ስለዚህ ሁለት ቀን የንብረትን በቆሎ ቢቆርጥ፣ ንብረት ደግሞ በተራው ሰው ይዞ ጤፉን እንደሚያጭድለት አሰበ። ወንፈል ማለት ይኸው ነው፤ ጉልበት በጉልበት ይመለሳል። ሁለቱ በአንድ ደብር ዳዊት የደገሙ ናቸው፤ በመካከላቸው መሄዱ ራሱ መጥራት ነበርና ይርሳው ቃል አላስቀደመም።

እርግጥ ነው፣ ንብረት እንደ ጥንቱ አይደለም። ምርጥ ዘሩና የበርበሬ ንግዱ ሠምረውለት፣ በሬ ያጡ ጎረቤቶቹን መሬት ሁሉ ተከራይቶ፣ ቡሬ ከተማ ላይ ቤት ሠርቶ፣ አይሱዙ ገዝቷል። ይርሳው ግን ይህ በእነርሱ መካከል ይገባል ብሎ አልጠረጠረም።

በሁለተኛው ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ የንብረት አማች መልካሙ ቆራጮቹን አሰልፎ የቀን ዋጋቸውን ያድል ጀመር። ለይርሳውም ብር ዘረጋለት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የሁለት ቀንዎ ነዋ፣ አያ ይርሳው። ሸመገሉ ብዬ አልቀነስሁብዎትም።»

«ካልጣማቸው ለእኔ ይሁን» አለ ከሰልፉ አንዱ፤ ሌሎቹ ሳቁ።

ይርሳው ብሩን ሳይነካ፣ ከመኪናው አጠገብ ወደ ቆመው ንብረት ሄደ።

«ንብረት፣ እኔ የመጣሁት በወንፈል ነው። ጤፌ ቆሟል።»

ንብረት አንገቱን ደፋ። ክፉ ሰው አልነበረም። «ምነው ቀድመህ ብትነግረኝ? እኔ ማጭድ ከጨበጥሁ አራት ዓመቴ። ብሩን ያዝና ሰው ቅጠርበት።»

«ከየት አምጥቼ? ያገሩን አጫጅ ሁሉ አንተ ይዘኸው።»

«እስከ ሰኞ ብቻ ነው። በቆሎውን የሚረከበኝ ነጋዴ ለሰኞ ቀጥሮኛል።»

«ዝናቡንስ ለመቼ ቀጠርኸው?»

ይርሳው ማጭዱን በትከሻው አንጠልጥሎ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ገባ።

በማግስቱ ብቻውን ሲያጭድ ዋለ፤ ከማሳው አንድ ጥግ እንኳ አልገፋም። ቅዳሜ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። የንብረት በቆሎ ሸራ ለብሶ ቡሬ ገባ፤ የይርሳው ጤፍ ከጭቃው ጋር ተጋደመ።

ማክሰኞ ንብረት ዐሥር ሰው አስከትሎ፣ ራሱም አዲስ ማጭድ ይዞ መጣ። የሚታጨድ አልነበረም። ሰዎቹ ከማሳው ዳር ቆመው እርስ በርሳቸው ተያዩ። ንብረት አንድ ኩንታል በቆሎ ከይርሳው ደጃፍ አስወረደ።

«ይህ ስለ ሁለቱ ቀን ነው ወይስ ስለ ነፍስህ?» አለ ይርሳው።

«ተቀበለኝ ብቻ፣ ወንድሜ።»

ይርሳው አፉን ለእምቢታ ከፈተ። ከውስጥ የተናኜ ሳል ተሰማ። አፉን መልሶ ዘጋና ኩንታሉን ከሰዎቹ ጋር አንሥቶ አስገባ።

በሚቀጥለው ሰንበት ንብረት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ሲገባ፣ እንደ ልማዱ ከይርሳው ጎን ሊቀመጥ ወደ ዋርካው ሥር አመራ። ይርሳው በአርባ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ከተቀመጠበት ተነሥቶ፣ እጅ ነሥቶ፣ ቦታውን ለቀቀለት።