የእማዬ ከለላ

እማዬ ከሞተች ወዲህ አባዬ አንዲት ዕቃዋን እንኳ አላስነካንም። ምናባዊ ጀግኖች ሆነን በምንጫወተው ጨዋታ እሷ ትጫወትባት የነበረችው አስማተኛም፣ አውራ ጣት የምታህል የእንጨት ምስል፣ የአባዬ ሰዓት መጠገኛ ጠረጴዛ ላይ እንዳቆመቻት አለች። እሑድ እሑድ እዚያው እንጫወታለን። የእሷ ተራ ሲደርስ አንድም ሰው ቃል ሳይተነፍስ እናልፈዋለን።

ታሪኩን የምመራው ዳኛ እኔ ነኝ። ሕግ ላይ ግትር ነኝ። እህቴ "ደረቅ" ትለኛለች፤ ትበል!

ያን እሑድ የአባዬ፣ የእህቴና የባሏ ጀግኖች ዋሻ ውስጥ ውሃ አንገታቸው ደርሶ አንድ የድንጋይ በር ፊት ቆሙ። በሩ የሚከፈተው ድግምት ለሌለበት ሰው ብቻ ነው። ሦስቱም ላይ ግን ከለላ የሚባለው የእማዬ ድግምት አለ። ከመታመሟ በፊት ያደረገችላቸው ነው፤ ስንት እሳት አሳልፏቸዋል።

"እንፍታው!" አለ መድኃኒት ቤት የሚሠራው አማቻችን።

"የሌላ ሰው ድግምት ሃያ ፊት ባለው ዳይስ ነው የሚፈታው" አልኩ። "የእሷ ብርቱ ነው፤ ከሃያው ቢያንስ አሥራ ስምንት መምጣት አለበት። አንዳችሁ ከፈታችሁት የሦስታችሁም ይፈታል።"

እህቴ ጣለች፤ አራት። ባሏ ጣለ፤ ሰባት።

"ኧረ እቺ ሴትዮ!" አለች እህቴ፣ እየሳቀች ዓይኗ እንባ ሞልቶ። ጉድ እኮ ነው! ሞታም አለቀቀችንም።

"አባዬ፣ የቀረኸው አንተ ነህ። ካልጣልክ ሁላችሁም ትሰምጣላችሁ።"

"አልጥልም። የእሷን ነገር በእጄ አላፈርስም።"

አባዬን መለማመጥ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ደሜ ፈላ። "ኧረ በፈጠረህ! እስከ መቼ ነው እንዲህ የምንኖረው?"

አልተቆጣም። የእማዬን ምስል አተኩሮ አያት።

"ድግምቱን ያደረገችው ራሷ ብትፈታውስ?" አለኝ።

"የገዛ ድግምቱንማ ማንም በተራው በአንድ ቃል ይፈታዋል። ዳይስም አያስፈልገው።"

"ታዲያ ተራዋን ለምን ትነጥቋታላችሁ?"

አማቻችን ኮፍያውን አወለቀ።

"የእማዬ ተራ" አልኩ።

አባዬ ምስሏን አነሳት። በሩ ፊት አቆማትና፣ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስንወጣ እንደምትለን አድርጎ፣

"በሉ ልጆቼ፣ ሂዱ። እኔን አታስቡኝ" አለ።

በዚያች ቅጽበት እማዬ ክፍሉ ውስጥ ነበረች፤ ይኸው ነው፣ ሌላ ማብራሪያ የለኝም።

"ከለላው ተፈታ፤ በሩ ተከፈተ" አልኩ።

እህቴ አለፈች፣ ባሏ አለፈ። አባዬ የራሱን ምስል ይዞ ቆየ፤ ከዚያ አሳለፈው። እሷ ከበሩ ኋላ ውሃው ጋ ብቻዋን ቀረች። ያኔ ነው አባዬ ከቀብሯ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሰው፣ እንደ ሕፃን ድምፅ አውጥቶ።

እንደ ዳኛ "ቀጥሎ" ብዬ ተራ መጥራት የእኔ ድርሻ ነበር። አልቻልኩም።