የካልጋሪዋ ነርስ

እትዬ እንቁ የቀሚሳቸውን እጅጌ ሰብስበው ክንዳቸውን ዘረጉላት።

«እስቲ ልጄ፣ ግፊቴን ለኪልኝ። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ራሴን እያዞረኝ ነው።»

ፅጌረዳ ግራ ገባት። አባቷ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ቶሮንቶ፣ ክሬሰንት ታውን ሰፈር፣ ወላጆቿ በሚኖሩበት ሕንፃ ምድር ቤት ያለው የነዋሪዎች የድግስ አዳራሽ፣ ፓርቲ ሩሙ፣ በለቀስተኛ ተሞልቷል። ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል ለምን እሷን እንደመረጡ ሳይገባት፣ እናቷ የግፊት መለኪያውን ይዛ ከተፍ አለች። የልጇን ዓይን ግን ሸሸች።

«ሆስፒታሉ ስንት ቀን ፈቃድ ሰጠሽ?» አሉ እትዬ እንቁ። «ካልጋሪ ብርዱ እንዴት ነው? አባትሽማ 'ነርሷ ልጄ፣ ነርሷ ልጄ' እንዳለ ሞተ!»

ፅጌረዳ ለካችላቸው። ጀምራ የተወችው የነርስነት ትምህርት ነውና እጇ አልረሳውም። ገና ሳትጨርስ ሌሎች ሁለት ሴትዮዎች እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ ወንበር ሳቡ።

እናቷን ሰሃን ማጠቢያው ጋ አገኘቻት።

«ነርስ ነኝ እንዴ እኔ?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ካልጋሪን በዓይኔ አይቼ አላውቅም።»

«አባትሽ እንደዚያ ነው የነገራቸው። እስከ ቅዳሜ ቻይልኝ። ቅዳሜ ተጸልዮ ሰው ይበተናል።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ሲዋሽ ዝም አልሽው?»

«አልዋሸም!» አለች እናቷ፣ ድምፅዋን አፍና። «በእምነት ነው የተናገረው። ያላየውን እንዳየ አድርጎ ያወጀው፣ ወደ ትምህርቷ ትመለሳለች ብሎ ነው።»

ለፅጌረዳ ግን አባቷ ሰድቧት ቢሆን ይሻላት ነበር። በሕይወት ያለችውን ልጁን ትቶ ሌላ ልጅ ፈጥሯል፤ አስመርቋታል፣ ሥራ አስይዟታል፣ ሰው ፊት ኮርቶባታል። እሷን ደግሞ ከራሱ በፊት ቀብሯታል።

ሙዚቃውን ያስጀመራት ግን ራሱ ነው። ልጅ ሳለች ጊታር ገዝቶላት፣ እሑድ እሑድ ስፒከሩን በትከሻው ተሸክሞ ቸርች ያስገባ ነበር። እሷ መዝሙር ስታጅብ የፊት ወንበር ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ያለቅሳል። ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ አድሮ እንኳ ልምምዷን አስቀርቷት አያውቅም።

በኋላ ነርሲንግ ገብታ ለሥራ ልምምድ ፓርክዴል ሰፈር አንድ የአረጋውያን ቤት ተመደበች። እዚያ ከኖቫ ስኮሺያ ክፍለ ሀገር የመጡ ሽማግሌ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ባንጆ ይመቱ ነበር፤ ሆዱ ከበሮ የሚመስል፣ አምስት ክር ያለው መሣሪያ። የሚጫወቱት ብሉግራስ የሚባለውን የፈረንጅ ገጠር ዘፈን ነው። ጣታቸው ሲሮጥ አይታ መድኃኒታቸውን መስጠት ረሳች። ከዚያ ቀን ወዲያ ሺፍቷ ሲያልቅ ወደ ቤት መሄዱን ትታ ከእሳቸው ባንጆ መማር ያዘች። ሽማግሌው ሊሞቱ ሲሉ ባንጆውን ለእሷ አወረሱ።

ቤት ወስዳ የመታችው ዕለት አባቷ በር ላይ ቆሞ አዳመጠ። እግሩ ምት መያዝ ጀመረ። ዝቅ ብሎ እግሩን አየና አቆመው።

ትምህርቱን እንዳቋረጠች የነገረችው ቀን ግን ጮኸባት፦ «አገሬን ጥዬ የመጣሁት አዝማሪ ላሳድግ ነው? ያውም የፈረንጅ ገጠሬ አዝማሪ!»

ወጥታ ሄደች። በአሮጌ ቫን ከባንዷ ጋር አገር ለአገር ዞረች። ከመድረክ ጀርባ ስትቆም ምግብ አቅራቢ እየመሰለቻቸው ውሃ እንድታመጣ የሚያዟት ነበሩ። የመጀመሪያው ዘፈን ሲያልቅ ግን ቆመው ያጨበጭባሉ። ሁለት አልበም አወጣች፣ ኪራይዋን በባንጆ ከፈለች። ቶሮንቶ በተጫወተች ቁጥር ለአባቷ ትኬት ላከች። አንድም ቀን አልመጣም።

ቅዳሜ ፓስተር ራጉኤል የሟችን የሕይወት ታሪክ አነበቡ። «…በካልጋሪ ከተማ በነርስነት የምታገለግል አንዲት ሴት ልጅ…»

ፅጌረዳ ብድግ አለች። «ይቅርታ ፓስተር። ነርስ አይደለሁም።»

«ቁጭ በይ!» አለች እናቷ።

«ባንጆ ነው የምመታው። ሥራዬ ነው፣ የምኖረው በእሱ ነው። አባቴ ያውቅ ነበር።»

«ምን አለች?» አለ ከኋላ አንዱ። «ዘፋኝ ነኝ ነው የምትለው» አለው ጎረቤቱ። እትዬ እንቁ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

ፅጌረዳ ከአባቷ ጋር ለዓመታት አንድ ታክሲ እየተፈራረቁ ወደነዱት ጋሽ ዙበይር ዞረች። «እርስዎስ? ለእርስዎም ነርስ ናት ብሎዎታል?»

ጋሽ ዙበይር ቆባቸውን አወለቁ። «የለም። ለእኔ እውነቱን ነው የነገረኝ።»

«ምን አለ?»

«አፈርኩባት አለኝ። ለቅሶ ቤት ቁጭ ብዬ አልዋሽሽም። አንዴ መኪና ውስጥ ሙዚቃሽን ከፈትኩለት። ዝጋው አለኝ። ኤርፖርት እስክንደርስ ቃል አልወጣውም። ስንወርድ ብቻ 'እጇ ፈጥኗል' አለ።»

«ለእኔ ለምን አይለኝም ታዲያ!» ጩኸቷ አዳራሹን ሞላው። «ለእርስዎ ነው ወይስ ለእኔ ነው የሚባለው? ስልክ መደወል አይችልም ነበር? እጅሽ ፈጥኗል ማለት ምን ያቅተዋል?»

እናቷ ግራ እጇን ይዛ እየጎተተች ወደ ኮሪደሩ አወጣቻት።

«ሰው ፊት አዋረድሽኝ!»

«እሱ ነው ያዋረደኝ!»

እናቷ የያዘችውን እጅ ገልብጣ አየች። የልጇ ጣቶች ጫፍ እንደ ጫማ ቆዳ ደርቋል።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«የባንጆው ክር ነው። ስጫነው።»

«ያምሻል?»

«ድሮ ያመኝ ነበር።»

እናቷ ቁጣዋ ከፊቷ ሳይለቅ ቦርሳዋን ከፍታ ትንሿን የቫዝሊን ዕቃ አወጣች። የልጇን ጣት ይዛ ጫፉን ማሸት ጀመረች። ባንጆ የሚመታ ሰው ጣቱ መድረቅ አለበት፤ ከለሰለሰ ክሩ ይቆርጠዋል። በሚቀጥለው ሳምንት ኦታዋ መድረክ ላይ ትወጣለች።

ፅጌረዳ ይህን አልነገረቻትም። የቀሩትን ጣቶቿን አንድ በአንድ ዘረጋችላት።