ሥጋ የሌለው ምሳ

በነጻ የሚሰጥ ነገር አልወድም። የሻይ ግብዣ ይሁን የታክሲ ሒሳብ፣ "ግድ የለም፣ ለኔ ተወው" የሚል ሰው ሲገጥመኝ ቶሎ ብዬ ምን ሊጠይቀኝ እንደሆነ አስባለሁ። ባለፈው ክረምት ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስሄድ ረዳቱ "ያንተ ተከፍሏል" አለኝ። ዞር ብል ከኋላ ወንበር አንድ የማላውቀው ሰውዬ በፈገግታ ራሱን ነቀነቀልኝ። እንዲህ የሚስቅልኝ ምግብ ቤት ያለው ሰው ብቻ ነው። የራሴን ሒሳብ ለረዳቱ አስጨብጬ ሳልደርስ ወረድኩና የቀረውን መንገድ በእግሬ ሄድኩ። ዝናቡ ልብሴን አበሰበሰው፤ ቢሆንም ደስ ብሎኝ ነበር።

ሥራዬ ነው እንዲህ ያደረገኝ ስላት እናቴ አትቀበለኝም። ጡት ስሰጥህ እንኳ ገልመጥ አድርገኸኝ ነበር የምትይዘው ትላለች። አራዳ ውስጥ የምግብ ቤቶችን ጓዳ እየዞርኩ የማይ የጤና ተቆጣጣሪ ነኝ። ገብረዮሐንስ መጣ ሲባል ክፍት የነበረው ድስት ይከደናል፣ ተሰቅሎ የከረመው ሽርጥ ይለበሳል። አስተናጋጆቹ "ነቄው" ብለው ስም እንዳወጡልኝ አውቃለሁ፤ ስሙንም አልጠላሁትም። በምቆጣጠረው ቤት ውኃ እንኳ አልጠጣም። ባልደረቦቼ "እስቲ ትንሽ ቅመሱልን" ሲባሉ ተግደርድረው ይቀምሳሉ። እኔ ግን ቢሮዬ ገብቼ እናቴ የቋጠረችልኝን ምሳ ዕቃ እከፍታለሁ። ማንም ቀና ብሎ እንዲህ በላህ ሊለኝ ስለማይችል ምሳዬ ይጣፍጠኝ ነበር።

እንግዲህ ያ ምሳ ነው መላ ያጣብኝ። ከፋሲካ በኋላ ረቡዕ ዓርብ በማይጾምበት በሐምሳው እንኳ ሥጋ የሚባል ነገር ጠፋ። መጀመሪያ ስለት ገብታ ይሆናል አልኩ። ነገር ግን ሽሮው ላይ ቅቤ አለ፣ ጎመኑ አይብ አለው፣ እንቁላልም አይቀርም። ስለት ቢሆን ቅቤውም በቀረ። የፍልሰታ ጾም ተፈታ፤ ሥጋ የለም። ለእንቁጣጣሽ ዶሮ ትሠራለች ብዬ ስጠብቅ፣ ዘንድሮ እህቴ ጋ ነው የምንውለው ብላ ኮተቤ ወሰደችኝ። እራታችንም ዳቦ በሻይ ሆነ። ማታ ሆድ መክበድ የለበትም አለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ብላ የማታውቅ ሰው።

የአስቤዛውን ብር እኔ ነኝ የምሰጣት። ሥጋ ካልገዛችበት የት ገባ? በስልክ እየደወሉ እንጸልይልሽ፣ ትንሽ ነገር ላኪ የሚሉ ሰዎች እንዳሉ ሰምቼ ስለነበር አንድ ቀን ስልኳን አንስቼ ፈተሽኩ። ከእህቷና ከእድሯ ጸሐፊ በቀር የደወለላት የለም። ስጠይቃት ሥጋ ተወደደ አለችኝ። ሌላ ቀን ስጠይቃት ለደም ግፊት ጥሩ አይደለም አለች። ሁለት ምክንያት የሚሰጥ ሰው ደግሞ አንዱም እውነት አይደለም፤ ይህን ከምግብ ቤት ባለቤቶች ተምሬያለሁ።

ቤታችን አፍንጮ በር ነው፤ እኔና እሷ ብቻ ነን። ሠራተኛ አናስቀምጥም። ሞክረን ነበር፤ አንዷን ዘይት ቶሎ አለቀ ብዬ፣ ሌላዋን ስልክ ታበዛለች ብዬ አሰናበትኩ። የመጨረሻዋን ያሰናበትኳት ምንም ስላላጠፋች ነው። ምንም የማያጠፋ ሰው የሚደብቀው አያጣም ብዬ።

መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ሐሙስ እናቴ እንደ ልማዷ ኪዳን ልታደርስ ማለዳ ስትወጣ ተከተልኳት። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ከነጠላው ሥር የሆነ ነገር አቅፋ፣ የራስ መኮንንን ድልድይ ቀስ ብላ ተሻገረች። ዳገቱ ላይ ቆም እያለች ስለምታርፍ እኔም ግድግዳ ለግድግዳ ቆም እያልኩ ጊዮርጊስ ደረስን። እሷ ጸሎቷን አድርሳ እስክትወጣ ከአጥሩ ውጪ ጠበቅኳት። ስትወጣ ወደ ቤት የምትመለስ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ቁልቁል ወረደችና ከፈረሰው ሰፈር ወደተረፈችው አንዲት ቅያስ ታጠፈች። ቅያሷን አውቃታለሁ። በዚያው ቀን ከቢሮ ተነሥቼ የምሄድባት ቦታ ነበረች።

እዚያ የፈይሩዝ ምግብ ቤት አለ። ፈይሩዝ የስልጤ ሴት ናት፤ ቁርስና ምሳ ብቻ ነው የምትሸጠው። ከሁሉም ቤት አብልጬ የምጠረጥረው የእሷን ነበር፤ ምክንያቱም አንድም ቀን ቅመስ ብላኝ አታውቅም። ሌላው ሁሉ ሲለማመጠኝ ይቺ ምን ተማምና ነው እል ነበር። ጓዳዋ ንጹሕ ነው፤ ችግሩ ፍሳሹ ነው። ቱቦው ስለሚደፈን የእጣቢው ውኃ ምድጃው አጠገብ ይተኛል። ሁለት ጊዜ አስጠንቅቄያታለሁ። ለሦስተኛ ጊዜ እንደዚያው ካገኘሁት መታሸግ ነው፤ ሦስተኛው ጊዜ ደግሞ ያ ሐሙስ ነበር።

የቆመ አይሱዙ ጀርባ ተደብቄ አየሁ። እናቴ የጓሮውን በር አንኳኳች። ፈይሩዝ ከፈተችላትና ከነጠላው ሥር የወጣውን ተቀበለቻት። የኔ ምሳ ዕቃ ነበር። ይዛው ገባች፤ ሞልታው ወጣች፤ ክዳኑን ራሷ ገጥማ ነጠላው ሥር ራሷ አስገባችላት። እናቴም መረቀቻትና ሄደች።

ሌላ ሰው መጀመሪያ ምን እንደሚያስብ አላውቅም። እኔ ያሰብኩት አጠመዱኝ ብዬ ነው። ስንት ዓመት ውኃ ሳልቀምስ የተጠነቀቅኩትን ሴትየዋ በእናቴ በኩል ዞራ ገባችብኝ። ዛሬ ላሽግ ስል "የበላኸውን ረሳህ ወይ?" ልትለኝ ነው። በሥራ ጉዳይ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። እናቴ ከቅያሷ እስክትወጣ ጠብቄ በዚያው በጓሮ በር ገባሁ።

ፈይሩዝ ስታየኝ አልደነገጠችም። ምን እንደምትፈልግ ትንገረኝ ብዬ ጮህኩባት። ሽንኩርት መክተፏን አላቆመችም። እናቴ አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ደክሟት ደጃፏ ላይ እንደተቀመጠች፣ ሻይ ብትሰጣት ግማሹ ቀሚሷ ላይ እንደፈሰሰ ነገረችኝ። እጇ ይንቀጠቀጣል። ቢላዋ መያዝ ትታለች፤ አንድ ጊዜ የፈላ ድስት ከእጇ አምልጦ እግሯን ለጥቂት ስቷታል። ለልጅሽ ንገሪው ስትላት ሠራተኛ አያስቀምጥም፤ ግድ ብዬ ባስቀጥረው ደግሞ ከምትመጣው ሁሉ ጋር ይጣላል አለቻት። ከዚያ ወዲህ ነው ምሳው። የአስቤዛውን ብር ልትከፍላት ብትሞክር ፈይሩዝ አልቀበል ስላለች፣ እናቴ ለደብሩ ነዳያን ትሰጠዋለች።

ሥጋ ያልነበረው የሙስሊም ቤት ስለሆነ ነው። ለነገሩ ለእኔ መናገር አያሻም፤ ምሳ ዕቃውን እጇ ላይ ሳየው ገብቶኛል። ያልገባኝ ሌላው ነው። ፈይሩዝ ለረቡዕና ለዓርብ ቅቤ ያልነካው ድስት ለብቻው ገዝታ አስቀምጣለች። ጾም ሲገባና ሲወጣ እናቴን እየጠየቀች ትይዛለች። የጽጌን ጾም እጾም እንደሆነ ሳይቀር ጠይቃ ነበር፤ እናቴም እሱ አይጾመውም ብላ አሳፍራኛለች።

ማን እንደሆንኩ መቼ እንዳወቀች ጠየቅኳት። እናቴ በልጇ ሳትኮራ የዋለችበት ቀን ስለሌለ ከመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ በፊት ታውቃለች።

"ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገሩኝም?" አልኳት። "የእኔን ምግብ ነው የሚበሉት ቢሉኝ እኮ ምን እል ነበር?"

ቢላዋውን አስቀመጠች። እስከዚያ ድረስ እርስዎ ነበር የምትለኝ።

"ምሳው የእማማ ተናኘወርቅ ነው" አለች። "ላንተማ ቢሆን ውኃም አላቀምስህ።"

 ዓይኔ ወደ ምድጃው ሄደ። ውኃው እንዳለ ነው። አከራይዋ ቱቦው የሚነካው እኔ ስፈቅድ ነው ብሎ ከልክሏታል፤ ይህንንም ያን ዕለት ነው የሰማሁት፤ ከዚያ በፊት ጠይቄያት አላውቅም። ብተወው ስለበላ ተወው ይባላል። ባሽገው በልቶ አሸገ ነው። ዓይኔን ከውኃው እንዳላነሣሁ ስታይ፣ ሥራህን ሥራ አለችኝ። የገቡትን ሰዎች አስጨርሳ ሸኘች፤ እሳቱን አጠፋች። የእሽጉን ወረቀት ልለጥፍ ስል፣ አንዲት ትንሽ ድስት ብቻ ይዤ ልውጣ አለች። ምን ልትሠራባት ነው ብዬ ጠረጠርኩ፤ ግን ፈቀድኩላት። ድስቷን በፌስታል ጠቅልላ ሄደች።

ቢሮ ገብቼ የሆነውን ሁሉ ለአለቃዬ ለአቶ ቃለጽድቅ ነገርኩት። ምሳ በላህ እንጂ ሰው አልገደልክ አለኝና ቤቷን ከዚህ በኋላ ሌላ ባልደረባ እንዲከታተላት አደረገ። እኔ ግን የሚቀጣኝ ሰው ፈልጌ ነበር።

ማታ እናቴ ሻዩን ስታቀርብ እጇን አየሁት። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ክርኗን ጎኗ ላይ አጣብቃ ነበር የምታመጣው። እንጀራ ላይ የወደቀች ፀጉር ከበር ሆኜ የማይ ሰው ይህን አላየሁም። ለምን ደበቅሽኝ አልኳት።

"ለማን ልንገር?" አለች። "ለአንተ?"

ተቆጥታም አይደለም፤ እንደ ተራ ነገር ነው የተናገረችው። ለዚያ ነው የጎዳኝ።

በማግስቱ ዓርብ ምሳ አልጠበቅኩም። ቤቱ ታሽጓል፤ ያሸግኩት እኔ ነኝ። ልወጣ ስል ግን ምሳ ዕቃው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፣ ስነካው ይሞቃል። እናቴ ማለዳ ወጥታ መመለሷን እንኳ አልሰማሁም ነበር። ፈይሩዝ በዚያችው ድስት ከቤቷ ሠርታ ጊዮርጊስ በር ድረስ አምጥታላት ነበር።

ቢሮ ወስጄ ከፈትኩት። ምስር ወጥ በዘይት፣ ጎመን፣ ሁለት ቃሪያ። አልዋሽም፣ መጀመሪያ አሸተትኩት። የታሸገባት ሴት የላከችው ምግብ ነው፤ ቂም የያዘ ሰው ደግሞ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም። ቃሪያውን ገልብጬ አየሁ። ጎመኑን በጣቴ ገለጥኩት። ጎመን ነው። ያኔ በራሴ አፈርኩ፤ ፊቴ ጋለ። ጎረስኩ። እንዲህ ያደረገልኝ ሰው የለም ልል ነበር፤ ግን ያደርጉልኝ የነበሩትን ሁሉ እየሸሸሁ ነው የኖርኩት። በልቼ ስጨርስ ማመስገን ፈለግኩ፤ እንዴት እንደሚጀመር ግን አላውቅም። እኔ ማስጠንቀቅ እንጂ ማመስገን አልለመድኩም።

የማውቀው ነገር ቱቦ ነው። ዓርብ ከሰዓት የምግብ ቤቷን አከራይ አግኝቼ እስኪፈቅድ ነዘነዝኩት። ሰውን በመነዝነዝ የሚስተካከለኝ የለም። ቅዳሜ ጠዋት ሙደሲር የሚባል የቧንቧ ሠራተኛ ይዤ ሄድኩ። ፍሳሹ ከጓሮ በኩል ስለሆነ እሽጉን መንካት አያስፈልግም። ፈይሩዝ ጎረቤት ሱቅ ውስጥ ነበረች፤ መቆፈሪያውን ስትሰማ ወጣች።

"ምን ፈልገህ ነው?" አለችኝ።

ምንም አልኳት። ማን ላከህ አለች፤ ማንም አልኳት። ክፍያውን ከማን ላይ ልትቀበል ነው ብላ ጠየቀች፤ ተከፍሏል አልኳት። ይህን ስትሰማ ጭራሽ ባሰባት። እኔንና ቱቦውን ተራ በተራ ታየን ጀመር። እማማ ልከውህ ነው አለች። እናቴ አታውቅም አልኳት፤ እውነቴን ነው።

"ላመሰግንሽ ነው የመጣሁት" አልኩ በመጨረሻ። አፌ ላይ የሰው ቃል ነው የመሰለኝ።

 ሙደሲር የሚያስገባውን ቱቦ ጎንበስ ብላ ነካችው፣ አሮጌ እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጠየቀችው፣ አዲስ ነው ሲላት ደረሰኙን አሳየኝ አለችው። እኔ ትንሽ ራቅ ስል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ይሄ ሰውዬ ምን አስቦ ነው?" ስትለው ሰማሁ።

ሙደሲር እኔ ቧንቧ ነው የምሠራው አላት። እሷ ግን ቀና ብላ መልሱን ከእኔ ጠበቀች። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን የምጠይቀው ይህንኑ ነበር፤ የሚነግሩኝንም አላምንም ነበር። ስለዚህ ኮቴን አውልቄ ጭቃው ውስጥ ገባሁና ለሙደሲር ቱቦውን ያዝኩለት።