ኪሴ ውስጥ የቀረው መሃረብ

ሠላሳ ዓመት የሰው በር ስከፍት የኖርኩ ቁልፍ ሠሪ ነኝ፤ በስተርጅና በር ተዘጋብኝ። ሐኪሞቹ የአንገቴን የታይሮይድ ካንሰር ቆርጠው ካወጡ በኋላ፣ ርዝራዡን ይጨርሳል ብለው ጨረር ያለው የአዮዲን እንክብል አስዋጡኝ። ከዚያ "አራት ቀን ሰው አይጠጋዎትም" ብለው ለብቻዬ አንድ ክፍል ውስጥ አስገቡኝ። ምግቤን ደፍ ላይ አስቀምጠው በሩጫ ይሄዳሉ። ለድመት እንኳ እንዲህ አይሰጥም።

ልጄ ከምትኖርበት ከተማ በየቀኑ ትደውላለች። "አባዬ፣ አልከፋህም?"

"ምን ይከፋኛል፣ ሆቴል በይው!" እላታለሁ።

እናቷ ስትቀበር እንኳ ከዓይኔ እንባ ጠብ አላለም። ለቀስተኛው "ይሄ ሰውዬ ሆዱ ድንጋይ ነው" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አልተቀየምኩም፤ ለራሴም ድንጋይ ይመስለኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የምሠራው ጠፍቶኝ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ የተሰቀለውን ሱሪዬን ኪስ ስበረብር መሃረብ አገኘሁ። ባለቤቴ ጠርዙን በእጇ የሰፋችው ነው። አንዱ ጥግ ጠማማ ነው ስላት "ያንተ ዓይን ቁልፍ እንጂ ስፌት አያውቅም" ትለኝ ነበር። ጠማማውን ጥግ ሳይ ሆዴ ባባ። ደፉ ላይ ያለው ምሳ እስኪቀዘቅዝ አለቀስኩበት። ስወጣ የተጠቀምኩበትን ጨርቅ ሁሉ ከረጢት ውስጥ እንድጥል ታዝዤ ነበር። መሃረቡን ግን መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

ከወጣሁ ከሦስት ቀን በኋላ፣ መድኃኒቱ የት የት እንደገባ በማሽን ሊያዩ ጠሩኝ። ያለኝ ደህና ሱሪ እሱ ብቻ ስለሆነ ለብሼው ሄድኩ። "ብረት ነክ ነገር ያውጡ" አሉኝ። ቁልፎቼን አወጣሁ፣ ቀበቶዬን ፈታሁ፤ በብረት ጉዳይ መካሪ አያሻኝም። መሃረቡ ግን ጨርቅ ነውና እዚያው ቀረ።

ሐኪሙ ምስሉን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ቀኝ ዳሌዬ ላይ አንድ ጥቁር ነጥብ አለ።

"ወደ አጥንት ሳይዛመት አልቀረም" አለ። "ከሆነ ከፍ ያለ መጠን እንሰጥዎታለን። ክፍሉም እንደገና ነው።"

እውነቱን ልናገር፣ ከካንሰሩ ይልቅ ክፍሉ አስፈራኝ።

ማሽኑን የምታሠራው ሴት በዕድሜ ልጄን ታህላለች። ምስሉን ጠጋ ብላ አየችና ወደኔ ዞረች። "አባባ፣ መድኃኒቱ በምራቅም በእንባም ይወጣል። ኪስዎ ውስጥ ፊትዎን የጠረጉበት ነገር አለ?"

"ምን በወጣኝ አለቅሳለሁ! የለም።"

"እሺ። ካለ ምናልባት አጥንትዎ ደህና ነው። ከሌለ ግን ተመልሰው መተኛትዎ ነው።"

ደፉ ላይ የቀዘቀዘው ምሳ ትዝ አለኝ። እጄን ኪሴ ሰደድኩ።

መሃረቡን በጓንት ተቀብላኝ ወደ ጨረር መለኪያው ስታስጠጋው መሣሪያው ጮኸ። እኔ በባለቤቴ ቀብር ቀን ያልጮህኩትን ጮኸልኝ። እንደገና ማሽኑ ላይ ስተኛ ዳሌዬ ንጹህ ሆኖ ታየ፤ ሐኪሙም ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። ሴትዮዋ መሃረቡን ሳጥን ውስጥ ከታ ቆለፈችበት። "ጨረሩ ሲጠፋ፣ ከሦስት ወር በኋላ ይወስዱታል" አለችኝ። መቆለፊያው ርካሽ ነው፣ በመርፌ ቁልፍ እከፍተው ነበር። ተውኩት።

ቤት ገብቼ ለልጄ ደወልኩ። "ዳሌዬ ላይ ካንሰር መስሏቸው ደንግጠው ነበር። መሃረብ ላይ የደረቀ እንባ ሆኖ ተገኘ።"

"እሰይ! እሰይ አባዬ!" አለችኝ። ቀጥላም "የማን እንባ?" ብላ ጠየቀችኝ።

አራት ቀን ሙሉ ለብቻዬ እንደነበርኩ ታውቃለች። ያም ሆኖ የኔ ይሆናል ብላ አልጠረጠረችም። እንዲህ አድርጌ ያሳደግኳት ደግሞ እኔው ነኝ።

"የኔ ነው ልጄ" አልኳት።