ከስምንት ፋብሪካ ስምንተኛ

አንድ የመድን ድርጅት ማሽን የሚያመርቱ ስምንት ፋብሪካዎችን አወዳደረ። የፈለገው የትኛው ከኮምፒውተር ሌባ ይበልጥ እንደተጠበቀ ለማወቅ ነበር። ፓምፕ የሚያመርተው ፋብሪካ መጨረሻ ወጣ።

ድርጅቱ የላከውን የጥያቄ ቅጽ የሞላችው የፋብሪካው የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። ቅጹ የማሽኖቹ የይለፍ ቃል ተቀይሯል ወይ ብሎ ሲጠይቃት፣ አልተቀየረም አለች። ሥራ የለቀቁ ሰዎች መግቢያ ተዘግቷል? አልተዘጋም። ያየችውን ጻፈች፣ ፈረመች፣ ላከች።

ሥራ አስኪያጁ አጎቷ ነው፤ አባቷ ከሞተ ወዲህ ያሳደጋት። ውጤቱ በመጣ ጠዋት አስጠራትና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«አንቺ ልጅ፣ ጉድ ሠራሽኝ! ወፍጮ የሚሠራው ጎረቤታችን ከእኛ በምን ይሻላል? ሁሉንም ‹አዎ› ብሎ ሞላና ይኸው ሁለተኛ ወጣ!»

«እሱ የሞላውን እሱ ይወቀው፣ ጋሼ።»

«እርማት ይቀበላሉ።» አዲስ ቅጽ ገፋላት። «አስተካክለሽ ፈርሚ።»

«አልፈርምም።»

«እኔ ነኝ እኮ ያሳደግኩሽ!»

ቅጹን መልሳ ገፋችለት። «ያሳደጉኝማ እርስዎ ነዎት። እምቢ ማለት የከበደኝም ለዚሁ ነው። ግን አልፈርምም።»

አጎቷ ደሙ ፈላ። ዋናውን መካኒክ አስጠራና ብዕር አስጨበጠው። መካኒኩ ቅጹን አገላበጠ፣ እሷን አየ፣ አለቃውን አየ። «መነጽሬን ረስቼ መጣሁ» አለ። መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነበር።

«እንግዲያው እርስዎ ራስዎ ይፈርሙ» አለች እሷ። «ከመፈረምዎ በፊት ግን ይችን ይዩልኝ።»

ላፕቶፗን ከፍታ ከሁለት ዓመት በፊት የለቀቀውን መሐንዲስ ስም፣ ቀጥሎም የድሮውን የይለፍ ቃል ጻፈች። የትልቁ መቁረጫ ማሽን ልኬቶች አንድ በአንድ ስክሪኑ ላይ ተደረደሩ።

«ሰውየው አሁን የሚሠራው ጎረቤታችን ዘንድ ነው። ቤቱ ቁጭ ብሎ ይህን ቁጥር ቢነካካው፣ ቀኑን ሙሉ የምናመርተው ፓምፕ ሁሉ ውሃ ያንጠባጥባል።»

ሥራ አስኪያጁ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አነበበ። ከዚያ ብዕሩን ከመካኒኩ እጅ ወስዶ ከደነው።

«የሰውየውን መግቢያ ዝጊው።»

«አሁኑኑ እዘጋዋለሁ። የላክሁት ቅጽ ግን እንዳለ ይቆያል።»

ወር ሙሉ አኮረፋት። ኮሪደር ላይ ሲያገኛት ፊቱን ያዞራል፤ ቤት ስትመጣም ሚስቱን «ለዚያች ግትር ምሳ ስጫት» ይላል እንጂ በስሟ አይጠራትም። እሷም ይቅርታ አልጠየቀችም። ግትር ካሉኝ አይቀር ብላ የማሽኖቹን የይለፍ ቃል ተራ በተራ ትቀይር ጀመር።

አንድ ቀን ትልቅ ደንበኛ የውድድሩን ዝርዝር ይዞ መጣ።

«ምን ሆናችሁ ነው መጨረሻ የወጣችሁት?»

አጎቷ በአገጩ ወደ እሷ ጠቆመ። «እሷን ጠይቃት። የሞላችው እሷ ናት።»

ይክሰሳት ይኩራባት አልገባትም። ወንበሯን ስባ ደንበኛው ፊት ለፊት ተቀመጠችና የተዘጋውንም ገና ያልተዘጋውንም አንድ ሳታስቀር ነገረችው።